እንደ ወንዙ ነው

ጥቅምት 6

ለዘንግ ሠሪው፣

እንደምን ሰነበቱ? በልጅነቴ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» እንዲባል ተምሬአለሁ። እርስዎን ግን አይቼዎት ስለማላውቅ ናፈቁኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ደህና ነኝ ብቻ ብዬ ልለፈው።

ባለፈው የጠየቅሁዎት አንዲት ጥያቄ ነበረች። በላባ በተሠራ ዝንብ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው የትኛው ዘንግ ይሻላል፣ በአንድ እጅ የሚወረወረው አጭሩ ወይስ በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙ? እርስዎ በአንዷ ፈንታ እፍኝ ሙሉ ጥያቄ ላኩልኝ። ወንዙ ምን ያህል ይሰፋል፣ ከኋላ ዛፍ አለ ወይ፣ የሰውየው ትከሻ እንዴት ነው? ዳቦ ቤት ገብቼ ዳቦ ስጠይቅ መጀመሪያ ጥርስሽን አሳዪኝ ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ይሁን፣ ልመልስ። እኔ ስለ ማጥመድ አላውቅም። ባለቤቴ ጫማ ሰፊ ነው። ምድር ቤቱ ሱቃችን ነው፣ ፎቁ ቤታችን። እሱ ቆዳውን ይቆርጣል፣ እኔ ገበሩን እሰፋለሁ። ወንዙ የሚያልፈው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ስፋቱን በሜትር አላውቀውም፤ ከማዶ ሰው ሲጣራ ድምፁ ይሰማል፣ የሚለው ግን አይለይም። ከዳሩ ጀርባ ዛፍ ሞልቷል። የሚያጠምደው ልጃችን ነው፤ ትከሻው ቀጭን ነው። እጁ ረጅም ነው፤ ኮት ስንገዛለት ሁልጊዜ እጅጌው ያጥረዋል።

የተገዛው አጭሩ ነው። ካቻምና ባለቤቴ ራሱ እርስዎ ሱቅ መጥቶ ለልጃችን ገዛለት። አሁን «ረጅሙን መግዛት ነበረብኝ» በሚል ሐሳብ ይብሰለሰላል። ሥራውን ትቷል። መዶሻው ካስቀመጠው ቦታ አልተነሣም። ከእርስዎ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። «አጭሩ ትክክል ነበር» ብለው ጽፈው ይፈርሙልኝና ላሳየው። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ጥያቄ በቅቶኛል።

የጫማ ሰፊው ሚስት


ጥቅምት 19

ለእመቤት፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በዳቦው ነገር አስቀውኛል። ልዩነቱ ግን ያልተስማማውን ዳቦ የበላ ሰው በማግስቱ ሌላ ይበላል፤ የማይሆነውን ዘንግ የያዘ ሰው ግን ዓመት ሙሉ ትከሻውን እያሸ እኔን ይረግመኛል።

አጭሩ ዘንግ ቁመቱ የሰው ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ቀኝ እጅ ይወረውራል፣ ግራ እጅ ክሩን ያቀብላል። ክሩ ወደ ፊት ከመሄዱ በፊት ወደ ኋላ ስለሚበር ከጀርባ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ለጠባብ ወንዝ ከእሱ የሚሻል የለም። ረጅሙ ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ሸክሙን ሁለቱ እጆች ይካፈሉታል። ክሩን ከውሃው ላይ አንከባልሎ ስለሚልከው የጀርባ ዛፍ አያስቸግረውም፣ ሩቅም ይደርሳል። እንግዲህ የትኛው ይሻላል ላሉኝ መልሴ ለደንበኛ ሁሉ የምሰጠው ያው መልስ ነው። እንደ ወንዙ ነው።

እርስዎ የጻፉልኝ ወንዝ ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ የሚያጠምደውም ሰው ትከሻው ቀጭን ነው። ለዚህ የሚሻለው ረጅሙ ነበር። ስለዚህ አጭሩ ትክክል ነበር ብዬ ልፈርምልዎ አልችልም። ዘንጉ ካልተጎዳ ይላኩት፣ እለውጥላችኋለሁ።

ባለቤትዎን አስታውሰዋለሁ። ዘንግ ሊገዛ መጥቶ ዓይኑ ጫማዬ ላይ ቀረ። «ተረከዝህ በግራ በኩል ተበልቷል፣ ስትቆም ታዘነብላለህ» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ አንዱ እግሬ ትንሽ ያጥራል፤ ሚስቴ እንኳ ከተጋባን ስንት ዘመን በኋላ ነው ያወቀችው። ወንዛችሁ እንዴት ያለ ነው ስለው ግን «ወንዝ ነዋ» ብሎ ዘጋኝ። ልጅዎ ራሱ ቢጽፍልኝ ነገሩ ይቀላል።

ዘንግ ሠሪው


ጥቅምት 30

ለዘንግ ሠሪው፣

ደብዳቤዎን ለባለቤቴ አላሳየሁትም። በገበር ጨርቅ ጠቅልዬ ከመርፌ ሣጥኔ ሥር ከተትኩት። ቢያገኘው ጉድ ነው። እኔ መድኃኒት ስለምን እርስዎ መርዙን በሚዛን መዝነው ላኩልኝ።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ። ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ባለፈው ደብዳቤም «ትከሻው ቀጭን ነበር» ብዬ ጽፌ፣ «ነበር» የሚለውን ፍቄ «ነው» አልኩ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ቢያነሡት የፋቅሁበት ይታያል።

ልጄ ራሱ አይጽፍልዎትም። በነሐሴ ወንዙ ወሰደው። ሊያጠምድ ሄዶ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ዘንጉን ከታች ከቁጥቋጦ ተጠልፎ አገኙት። ሌላውን አልጽፍም።

ባለቤቴ ከቀብር ስንመለስ ደረጃው ላይ ቆሞ አንድ ነገር አለ። «ረጅሙን ገዝቼለት ቢሆን ዳር ቆሞ ይደርስለት ነበር፣ ውሃ ውስጥ ምን አስገባው?» ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ። አዎ ወይም አይ ካልሆነ ከእሱ ቃል አይወጣም። ዘንጉን በገዛ ቀን እርስዎ ሁለቱንም አሳይተውት እንደነበር ያኔውኑ ነግሮኛል። አጭሩን የመረጠው በአውቶቡስ ለመያዝ ይመቻል ብሎ ነው። በቃ፣ ለአውቶቡስ! ሌላ ምክንያት የለውም። ይኸው አሁን እሱ ያንገበግበዋል።

ሱቁን ሊያዩት ይገባ ነበር። የሰው ጫማ መደርደሪያው ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጎረቤታችን መምህርቷ ጫማዋን ለማስጠገን ከሰጠች ቆየች፤ በመጣች ቁጥር «ነገ» እላታለሁ፣ እሷም በነጠላ ጫማ እየተንሸራተተች ክፍል ትገባለች። ተማሪዎቿ ምን እንደሚሏት እንጃ።

አሁን እንቅጩን ልበል። ሌላ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። «ለዚያ ወንዝ አጭሩ ትክክል ነበር፣ ረጅሙ ምንም አይጨምርለትም ነበር» ይበሉ። እርስዎ ይዋሹ፣ ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ። ልጄን ቀብሬአለሁ። ባሌን ደግሞ ቁጭ እንዳለ አልቀብረውም።

ልጄ ቤት የወጣለት ስም ሌላ ነው፣ ሰፈሩ ግን ቀጮ ነበር የሚለው። ስለዚህ ከአሁን ወዲያ እንዲህ ብዬ እፈርማለሁ።

የቀጮ እናት


ኅዳር 14

እህቴ፣

ነፍሱን ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ። «ልጅዎ ራሱ ይጻፍልኝ» ያልኩበትን ደብዳቤ ከመንገድ ላይ መመለስ ቢቻል በእግሬ እሄድለት ነበር።

የጠየቁኝን ጽፌው ነበር። ከዚያ ቀደድኩት። እንደገና ጽፌ እንደገና ቀደድኩት። ደህና ሰው መስዬ ልታይ ፈልጌ እንዳይመስልዎት፤ በቀን ስንት ውሸት እሸጣለሁ፣ «ይህ የእጀታ ቡሽ ዕድሜ ልክ ይኖራል» ስል የገበያ ወሬ ነው የምናገረው። ነገር ግን ከበር ገብቶ ተረከዜን አይቶ አቋቋሜን ያወቀ ሰው፣ ውሸቴን ከፊደሌ ያውቀዋል። ያኔ ደግሞ ሁለታችን ተመካክረን እንዳባበልነው ይገባዋል። ከዚያ በኋላ እርስዎ እንኳ እውነት ቢነግሩት አይሰማዎትም።

ስለዚህ አልጽፍልዎትም። በዚህ ይቆጡኝ።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። የልጅዎ ዘንግ እጀታው ሥር ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ አለ፣ የመስፊያ መኪና መንኮራኩር የመሰለ። ብሎኑን ፈትተው እሱን ብቻ ይላኩልኝ። ክሩን አይምዘዙት፣ አያጥቡት፣ አያድርቁት። እንዳለ። ለምን እንደፈለግሁት አሁን አልነግርዎትም፤ ያሰብኩት ካልሆነ በባዶ ሜዳ ተስፋ ሰጥቼ መልሼ እንዳልወስድብዎት።

ዘንግ ሠሪው


ኅዳር 22

ለዘንግ ሠሪው፣

ውሸት ለመንኩዎት፣ ዕቃ ጠየቁኝ። እርስዎና ባለቤቴ አንድ እናት የወለደቻችሁ ሳትሆኑ አትቀሩም። አንዱ ዝም ብሎ ያቃጥለኛል፣ ሌላው እየጻፈ።

ልከዋለሁ። የላኩት ስላመንኩዎት አይደለም፣ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው። የቸገረው ያደርጋል እንደሚሉት።

ዘንጉን ባለቤቴ በላስቲክ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አስቀምጦታል። እሱ አይነካውም፣ እኔም እንዳልነካው በዓይኑ ይጠብቃል። ጠዋት ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወርድ በልብስ ስፌት መቀስ ጫፍ ብሎኑን ፈታሁ። ሌባ ሆንኩ በገዛ ቤቴ። ማጠንጠኛው ጭቃ ለብሷል፣ የደረቀ ቅጠልም ተጣብቆበታል። እኔ የሰፋሁት ልብስ፣ ያጠብኩት ሸሚዝ ስንት ነው፤ የዚያ ልጅ ጭቃ ሲመጣ ማጠብ እንጂ ሌላ አላውቅም ነበር። ውሃ ቀድቼ አጠገቡ ካስቀመጥኩ በኋላ «አያጥቡት» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ውሃውን ደፋሁት።

ዕቃውን የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ይዞልዎት ይመጣል። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ካየ ምን እንደምለው አላውቅም። ቶሎ ይመልሱልኝ። ደግሞ «እንደ ወንዙ ነው» የሚለውን ቃል በዚህ ደብዳቤ እንዳላይ። ያ ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል።

የቀጮ እናት


ታኅሣሥ 8

እህቴ፣

ማጠንጠኛው ደርሶኛል። ቁጭ ብዬ አየሁት። አሁን የምነግርዎትን ነገር ለማንም ደንበኛ ተናግሬው አላውቅም።

አዲስ ክር ጠቅልዬ ስሸጥ፣ ዘንጉ ሳይጨነቅ የሚወረውረው የክር ርዝመት በሚያልቅበት ቦታ ላይ ክሩን ከሥሩ ካለው ጥቅል ጋር በቀጭን የጥጥ ፈትል አስረዋለሁ። ሰው ክሩን ከዚያ አሳልፎ ሲለቅ ፈትሉ ብጥስ ይላል፤ ለሰውየው አይታወቀውም። ይህን ያመጣሁት ዘንጉን ከአቅሙ በላይ አስጨንቆ ሰብሮት «ዝም ብሎ በራሱ ጊዜ ተሰበረ» እያለ ለሚያደርቀኝ ሰው ነው። እሺ እሺ እያልኩ ፈትሉን አየዋለሁ። ተበጥሶ ካገኘሁት አልከራከርም፣ አውቄዋለሁ።

የልጅዎ ፈትል አልተበጠሰም። ወንዙ ጭቃ አለበሰው እንጂ አልበጠሰውም።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ልጅዎ ያን ዘንግ በያዘበት ጊዜ ሁሉ፣ የመጨረሻውንም ቀን ጨምሮ፣ አጭሩ ዘንግ የሚደርስበትን ያህል እንኳ ክር አልለቀቀም። ሩቅ ሊደርስ ፈልጎ አጥሮት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የቀረውን ክር ይለቅ ነበር፤ ማንኛውም አጥማጅ ከመግባቱ በፊት የሚያደርገው ይህንን ነው። እሱ ግን ከእጁ ያለውን አልጨረሰም። ረጅም ዘንግ ቢገዛለት የሚጨምርለት እሱ ያልፈለገውን ነገር ነበር።

ለምን እንደገባ አላውቅም። ዝንቡ ድንጋይ ላይ ተይዞበት ይሆናል፣ ሞቆት ይሆናል፣ ወይም ልጅ ስለሆነ ይሆናል። ፈትሉ ይህን አይነግረኝም፣ እኔም አልፈጥርልዎትም። ሊደርስ አቅቶት እንዳልገባ ግን በዘንጎቼ ሁሉ እምልልዎታለሁ።

በመጀመሪያ የጻፍኩትን አልሰርዝም። ለጻፉልኝ ወንዝ ረጅሙ ይሻላል። እሱም እውነት ነው፣ ይህም እውነት ነው። ስለዚህ ለባለቤትዎ ይህን ደብዳቤ ብቻ ነጥለው አያሳዩት፤ ሁሉንም ያሳዩት፣ የደበቁትንም ጭምር። ያንን ካላየ ይህንን ለምን ያምናል?

ማጠንጠኛውን መልሻለሁ። ፈትሉን አልነካሁትም። ባለቤትዎ ክር ያውቃል፤ ዛሬ ያሰርኩት ይሁን ካቻምና ራሱ ይፍረድ።

ዘንግ ሠሪው


ጥር 3

ለዘንግ ሠሪው፣

ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። የሚናፍቀኝ ግን እርስዎ አይደሉም፤ በእርስዎ ላይ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ዕቃው ከመድረሱ በፊት ተያዝኩ። ባለቤቴ ዘንጉን ሊያይ ጎንበስ ብሎ ማጠንጠኛው እንደሌለ አወቀ። ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። «የት አለ?» አለኝ። ሁለት ቃል ናት፣ ግን ከነሐሴ ወዲህ እኔን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ናት። «ይመጣል» አልኩት። ዕቃው እስኪመጣ ድረስ አንድ ክፍል ውስጥ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ መንገደኞች ተቀመጥን።

ሲመጣ እንዳሉኝ አደረግሁ። የእርስዎን ደብዳቤዎች ሁሉ ቆዳ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት፣ ማጠንጠኛውን ከአጠገቡ። ረጅሙ ነበር የሚሻለው ያሉበትን ሲያነብ ፊቱን እንዳላይ ዞሬ መደርደሪያ እወለውል ነበር። የተወለወለውን ጫማ ደግሜ ወለወልኩት።

ሲጨርስ መነጽሩን አደረገ። መብራቱን አስጠጋ። ክሩን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ፈትሉን አየው፣ በምራቁ አርሶ አሸው፣ አሸተተው። ክር እንዲህ ነው የሚመረምረው፣ ነጋዴ ሊያታልለው ሲመጣ። ከዚያ፣ «ይህ ሰውዬ የሚገዛው ፈትል መናኛ ነው» አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ «አሮጌ ግን ነው። ከውሃ ጋር ኖሯል። የዚህ ወር ክር አይደለም» አለ።

አለቀ ብዬ ቁጭ አልኩ። ያለቅሳል፣ ወይም ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረም። የጥቅምቱን ደብዳቤዎን መልሶ አነሣና ጆሮው ሥር ያለው ደም ሥር ተገተረ።

«ወንዛችንን የት አይቶት ነው ሰፊ የሚለው?» አለኝ።

እኔ ነኝ የጻፍኩለት አልኩት፤ የጻፍኩልዎትንም፣ ስለሚጣራው ሰው፣ ነገርኩት።

«ወንዝ በጩኸት ይለካል እንዴ፣ አንቺ ሴት?» አለ። «እሱ የሚያጠምደው ከወፍጮ ቤቱ በታች መታጠፊያው ላይ ነው። እዚያ ጠባብ ነው። ዛፉም በአንድ ወገን ብቻ ነው። ለመታጠፊያው አጭሩ ነው ልኩ። ለመታጠፊያው አጭሩ ትክክል ነበር!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፣ ሚስማሮቹ ዘለሉ።

እኔ ከእርስዎ አንድ መስመር ለምኜ የተነፈግሁትን ነገር፣ እሱ በገዛ አፉ እየጮኸ አለው። ለእኔ አይደለም ያለው፣ ለእርስዎ ነው፤ እርስዎን ለመርታት። ይህን ሳስብ መሳቅ ወይስ ሁለታችሁንም ማነቅ እንደሚገባኝ አላውቅም።

ከዚያ ምን እንዳደረገ ይገምታሉ? የሲባጎ ጥቅል አነሣ። ኮቱን ለበሰ። «ለክቼ እጽፍለታለሁ» አለ። ከነሐሴ ወዲህ ወደዚያ በኩል ፊቱን አዙሮ የማያውቅ ሰው። ለመንኩት። ሜትሩን ከወፍጮ ቤቱ ሰዎች ጠይቅ አልኩት። ማዶ ድረስ ሲባጎ ሊዘረጋ ያለ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል እያሰብኩ ደረጃው ድረስ ኮቱን ይዤ ተከተልኩት። እጄን በቀስታ አላቀቀና፣ «የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ዱቄት እንጂ ወንዝ አይለኩም» ብሎ ወጣ።

መስኮቱ ላይ ቆምኩ። መምህርቷ ጫማዋን ልትጠይቅ መጣች፤ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፣ ብቻ አጠገቤ ቆማ አብራኝ ጠበቀች። እርስዎን ስረግም ሰምታኛለች። ያን ማጠንጠኛ ባልልክ፣ ደብዳቤዎቹን ባላሳይ፣ ይህ ሰው ቢያንስ ወንበሩ ላይ ነበር እያልኩ።

መጣ። በመንገዱ ጫፍ ሳየው ሲባጎውን በክርኑና በመዳፉ መካከል እየጠቀለለ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ሲባጎውን በድልድዩ ዞሮ ከማዶ ይዞለት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ደረጃውን ሲወጣ መምህርቷን አያትና፣ «እሜቴ፣ እስካሁን በነጠላ ጫማ ነሽ?» አላት፣ በነጠላ ጫማ ያስቀረናት እኛ ያልሆንን ይመስል። ልኩን ለእኔ አልነገረኝም። ለብቻው ይጽፍልዎታል፣ ይዘጋጁ፤ ስለ ፈትሉ ጥራትም የሚልዎት አለው።

አንዱ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ለምን ገባ? እርስዎ አያውቁም፣ እሱ አያውቅም፣ እኔም እስክሞት አላውቅ ይሆናል። ስለዚህ አስታረቅሁ ብለው ደስ እንዳይልዎት። ማታ ገበር ስሰፋ አሁንም ያ ጥያቄ መርፌዬን ይይዘዋል።

ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎትና ላብቃ። ባለቤቴ ቆዳና ውሃ አይጋቡም የሚል ሰው ነው፤ ደንበኛ እርጥብ ጫማ ይዞ ሲመጣ ይሰድባል። ያን ቀን ገብቶ ጫማውን አወለቀ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቆ ከግድግዳው ጋር አቆመውና እጁን ሊታጠብ ሄደ። እኔ ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ዙሪያውን፣ ማሰሪያውን፣ ምላሱን ዳሰስኩት።

ከሶሉ በላይ አልረጠበም።

የቀጮ እናት